ለታፈነ አፍንጫ የትኛው መድኃኒት ይሻላል? ባለቤቴ ያለ ጠብታ መተኛት አልቻለም

የሰሚቷ | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ባለቤቴን በነሐሴ ብርድ ጉንፋን ያዘውና አፍንጫው ድፍን አለ። ከመድኃኒት ቤት ዛይሎሜታዞሊን የሚባል የአፍንጫ ጠብታ ገዛ። መጀመሪያ ላይ በጣም አመስግነነው ነበር፤ ጨምሮ ብዙም ሳይቆይ ደህና ይተነፍስ ነበርና። ጉንፋኑ ከለቀቀው ቆየ፤ ጠብታውን ግን እሱ መልቀቅ አቃተው። ቀድሞ ጠዋትና ማታ ብቻ ነበር። አሁን አንዱ በኪሱ፣ አንዱ በመኪናው፣ አንዱ በትራሱ ሥር ነው። ሌሊት ጨምሮ ይተኛና ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ታፍኖ ይነቃል። ካልጨመረ በአፉ ሲተነፍስ አድሮ ጉሮሮው ደርቆ ይነሣል።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። የደም ግፊት ስላለበት አምሎዲፒን ይወስዳል፤ ሰሞኑን ሲለካ ግን ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጎረቤታችን «ሳይነስ ነው፣ መርፌ ይወጋ» ትላለች። እህቱ ደግሞ ከአሜሪካ ለአፍንጫ የሚዋጥ እንክብል ልላክ ብላለች። ጠብታውን የሸጠለት ሰው ስንት ቀን እንደሚጨመር አልነገረውም፤ ሌላ በሽታ እንዳለበትም አልጠየቀውም። የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የእንጦጦው አዛውንት | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 4፡02

ልጄ፣ ጠብታውን አስጥይውና የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተሽ አጥኚው። ጋቢ ተከናንቦ እንፋሎቱን ይሳበው፣ ላብ ላብ እስኪለው ይቆይ፣ ከዚያ ነፋስ ሳያገኘው ይተኛ። ዳማ ከሴ ካገኘሽ ጨምቀሽ በቡና ስጪው። እኛ በዚህ አድገናል። የዛሬ ሰው ትንሽ ባስነጠሰው ቁጥር ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል፤ ቅጠሉ ግን ደጃፉ ላይ ቆሟል።


ሀብቱ | ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔ እንደዚህ ሲያደርገኝ አሞክሳሲሊን ወስጄ ነው የሚለቀኝ። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ኢንፌክሽን ገብቷል ማለት ነው። ሳይቆይ ይጀምር።


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 2፡15

እህቴ፣ ሌሎች ሰዎችም በጽሑፍዎ ውስጥ ራሳቸውን ስለሚያገኙ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ስቆም ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ጠብታ ነው። የሚገዛው ሰው ብዙ ነው፣ እስከ መቼ እንደሚጨመር የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

አፍንጫ የሚታፈነው በንፍጥ ብቻ አይደለም። በአፍንጫችን ውስጥ፣ በግራም በቀኝም ግድግዳ ላይ፣ በደም ሥር የተሞሉ ለስላሳ እጥፋቶች አሉ። ጉንፋን ወይም አለርጂ ሲመጣ ደም ይሞላባቸውና ያብጣሉ፤ መተላለፊያውን የሚዘጋው በዋናነት ይህ እብጠት ነው። ሰው እየተናፈጠ፣ ምንም ሳይወጣለት፣ ታፍኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። በጋደምንም ጊዜ ደም ወደ ራስ ስለሚመለስ እብጠቱ ይብሳል።

ዛይሎሜታዞሊንና ወንድሙ ኦክሲሜታዞሊን እነዚህን የደም ሥሮች ያኮማትራሉ። እብጠቱ ይቀንሳል፣ መንገዱ ይከፈታል። ለአዋቂ የሚሆነው ዛይሎሜታዞሊን 0.1 በመቶ፣ ኦክሲሜታዞሊን ደግሞ 0.05 በመቶ ነው። የኦክሲሜታዞሊን ውጤት እስከ 12 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በጉንፋን ጭንቅ ሰዓት፣ በተለይ ለሌሊት እንቅልፍ፣ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። አልጠላቸውም።

ችግሩ ያለው በቀኑ ብዛት ላይ ነው። የደም ሥሮቹ በየቀኑ በግድ ሲኮማተሩ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ውጤቱ ያጥራል፤ ሲያልቅም ከቀድሞው ብሰው ያብጣሉ። ሰውየው «አፍንጫዬ አልዳነም» ብሎ እንደገና ይጨምራል፣ እብጠቱም እንደገና ይመለሳል። በዚህ ጊዜ አፍንጫውን የሚዘጋው ጉንፋኑ መሆኑ ቀርቶ ጠብታው ራሱ ይሆናል። በሕክምና ራይናይተስ ሜዲካሜንቶሳ ይባላል። የባለቤትዎ ታሪክ፣ ማለትም ጉንፋኑ ማለፉ፣ የውጤቱ ሰዓት ማጠሩ፣ ሌሊት ታፍኖ መንቃቱ፣ ከዚህ ጋር በጣም ይገጥማል። የአሜሪካ መመሪያ ከ3 ቀን በላይ አትጠቀሙ ይላል። እስከ 7 ቀን የሚፈቅዱ አገሮችም አሉ። እኔ ለሚገዛኝ ሁሉ 3 ቀን እላለሁ፤ ካርቶኑም ላይ በእስክርቢቶ እጽፍለታለሁ።

ስለ ግፊቱ፦ ጠብታው በብዛት ሲጨመር የተወሰነው ወደ ጉሮሮ ወርዶ ይዋጣል፣ ወደ ደምም ይገባል። የሚያኮማትረውም የአፍንጫን ደም ሥር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለግፊቱ መጨመር ሌላ ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል ሐኪማቸው ጠብታውን እንደሚጠቀሙ የግድ ይወቁ። ብዙ ሰው «ምን ምን መድኃኒት ትወስዳለህ» ሲባል የአፍንጫ ጠብታን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም።

ወንድሜ ሀብቱ፣ ጉንፋን የቫይረስ በሽታ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። የንፍጡ መቀየርም ብቻውን ባክቴሪያ መግባቱን አያሳይም፤ ተራ ጉንፋንም በመሃል ቢጫና አረንጓዴ ያደርጋል። የባክቴሪያ ሳይነስ የሚጠረጠረው ከ10 ቀን በላይ ምንም ሳይሻል ሲቀጥል፣ ወይም ተሽሎ እንደገና ሲከፋ፣ ወይም 39 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ከመግል መሰል ንፍጥና ከፊት ሕመም ጋር ለተከታታይ ቀናት ሲቆይ ነው። እርስዎ ሲወስዱ የለቀቀዎት ጉንፋኑ መሄጃ ቀኑ ስለደረሰ ሊሆን ይችላል። በማይፈለግበት ጊዜ የወሰድነው ፀረ ባክቴሪያ በሚፈለግበት ቀን አልሠራም እንዳይለን እፈራለሁ።


የሰሚቷ | ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 7፡40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። «እኔን አይታ ነው እንዴ የጻፈችው» አለ። እንግዲህ እንዴት ነው የሚተወው? ትናንት ማታ ልሞክር ብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ተሸነፈ።


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 1፡05

በአንድ ሌሊት ከሁለቱም አፍንጫ ማቋረጥ ከባድ ነው። ሰዎችን ሲቀናቸው ያየሁት መንገድ መጀመሪያ አንዱን አፍንጫ ብቻ ማስተው ነው። በቀኙ ሙሉ በሙሉ ያቁሙ፣ በግራው ለጊዜው ይቀጥሉ። ቀኙ ጥቂት ቀናት ታፍኖ ይቆይና ቀስ በቀስ ይከፈታል። እሱ ሲከፈት ግራውን ያቁሙ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የሚወስድ ነገር ነው፤ ለረጅም ጊዜ በተጠቀመ ሰው ላይ ሊዘገይም ይችላል።

ከዚህ ጎን የስቴሮይድ የአፍንጫ መርጫ ይታዘዛል፤ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን፣ ቤክሎሜታሶን ወይም ቡዴሶናይድ። ከዛይሎሜታዞሊን የሚለየው እብጠቱን ከሥሩ ስለሚያበርድና ስለማያስለምድ ነው። ወዲያው ግን አይሠራም። ሙሉ ውጤቱ ለመታየት ቀናት፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። «ሁለት ቀን ነፋሁት፣ ምንም አልሆነልኝም» ብለው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ ነው የሚነፋው።

አነፋፉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠርሙሱን ይነቅንቁ፣ አንገትን ወደ ፊት ትንሽ ዘንበል ያድርጉ። ለግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ፣ ለቀኝ አፍንጫ በግራ እጅ ይያዙ፤ የጠርሙሱ አፍ ወደ መሃሉ አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭው ግድግዳ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር። ሲነፉ ቀስ ብለው ይሳቡ እንጂ በኃይል አይማጉት፤ ጉሮሮ ውስጥ ይገባና አፍንጫው ሳያገኘው ይቀራል። መሃሉ ላይ የሚነፋ ሰው አፍንጫው ይደማል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፍሉቲካሶንም ሆነ ቡዴሶናይድ ከሐኪሙ ሳይመክር አይጀምር። ሪቶናቪር እነዚህ ስቴሮይዶች ከሰውነት እንዳይወጡ ስለሚያግድ በደም ውስጥ ተጠራቅመው ከባድ ጉዳት ያመጣሉ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ቤክሎሜታሶን ይሻላል። መድኃኒት ቤት ሰው በተሰበሰበበት ይህን መናገር የሚያሳፍረው ካለ ፋርማሲስቱን ወደ ጎን ጠርቶ ይንገረው፤ የመስማት ግዴታ አለብን።


የሜሪላንዱ | ጥቅምት 7፣ ከምሽቱ 5፡20

ስለ አሜሪካው እንክብል እኔ ልናገር፤ በየዓመቱ ሻንጣ የምንሞላው እኛ ነን።

እዚህ ለታፈነ አፍንጫ የሚዋጡ ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ሱዶኤፌድሪን ነው። ይህ በእርግጥ ይሠራል። ነገር ግን ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ለመሥራት ስለሚውል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በጸደቀ ሕግ ከመደርደሪያ ተነሥቶ ከፋርማሲስቱ ጀርባ ገባ። መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ስማችሁ ይመዘገባል፣ በቀን ከ3.6 ግራም፣ በ30 ቀን ከ9 ግራም በላይ አይሸጥላችሁም።

ሁለተኛው ፌኒሌፍሪን ነው። የመጀመሪያው ከመደርደሪያ ሲነሣ ኩባንያዎቹ በእሱ ቦታ ያስገቡት ይህንን ነው። ሱዳፌድ ከሚለው ስም ጎን ፒኢ የሚል ካያችሁ ፌኒሌፍሪን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች ማስረጃውን መርምረው በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን የታፈነ አፍንጫ አይከፍትም ብለው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። በኅዳር 2024 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከተፈቀዱት ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ አለመሥራቱ ነው፤ አደገኛ ነው አልተባለም። ሲዋጥ አብዛኛው አንጀትና ጉበት ውስጥ ስለሚበላሽ አፍንጫ ጋ የሚደርሰው ኢምንት ነው። በአፍንጫ የሚረጨውን ፌኒሌፍሪን ይህ ውሳኔ አይመለከተውም።

ስንት ዓመት ለቤተሰብ የላክነው «የጉንፋን መድኃኒት» ውስጥ ያለው ይኸው ነበር። ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ፤ እናቶቻችን «ልጄ የላከልኝ ነው» ብለው አምነው መዋጣቸው ነው። ስለዚህ የምትልኩ ሰዎች የሳጥኑን ፊት አትመኑ፣ ገልብጣችሁ ውስጡ ምን እንዳለ አንብቡ።


ነርስ ከደሴ | ጥቅምት 8፣ ከጠዋቱ 1፡50

የሜሪላንዱ ወንድሜ ያላነሣውን ልጨምር። የማይሠራው እንክብል ጉዳቱ የኪስ ነው። የሚሠራው ግን ለደም ግፊት ሰው ያስፈራል። ሱዶኤፌድሪን በመላ ሰውነት ያሉ የደም ሥሮችን ያኮማትራል፣ ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሣል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከባድ ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ከባድ የኩላሊት ሕመም ያለበትም፣ እንዳይወስደው ወስኗል። በአንጎል የደም ሥሮች ላይ የታዩ፣ ጥቂት ነገር ግን ከባድ ጉዳቶች ናቸው ለዚህ ያበቁት።

የላካችሁት የአለርጂ እንክብል ስም መጨረሻ ላይ «ዲ» የሚል ካለ፣ ለምሳሌ ክላሪቲን ዲ ወይም ዚርቴክ ዲ ከሆነ፣ ውስጡ ሱዶኤፌድሪን አለበት ማለት ነው። «ዲ» የሌለው ሌላ መድኃኒት ነው። የግፊት፣ የልብ፣ የግላኮማ፣ የታይሮይድ ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለባቸው አባትና እናት ይህን አትላኩ። የፕሮስቴት እጢ ያበጠባቸው አባት በዚህ ምክንያት ሽንታቸው ተዘግቶ ሊመጡ ይችላሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ ከጉንፋን መድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም።

የሰሚቷ እህቴ፣ ለባለቤትሽ ይህ እንክብል ይቅር። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሳለ ጨርሶ አይሞከርም።

ጋሼ የእንጦጦው፣ በአክብሮት ልናገርዎት። ልጆች በፈላ ድስት ተቃጥለው ሲመጡ የምቀበል ነኝ። ጋቢው ተከናንቧል፣ ድስቱ ከሥር ነው፣ ልጁ ይወራጫል፤ ውሃው ጭኑና ሆዱ ላይ ይገለበጣል። ጉንፋኑ በሳምንት ይለቀው ነበር፤ የቃጠሎው ጠባሳ ግን አይለቀውም።


የእንጦጦው አዛውንት | ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 6፡30

ልጄ፣ የተቃጠለውን ልጅ ስትነግሪኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለሕፃን አይደረግ፤ ይህን እቀበላለሁ። ለአዋቂ ግን እንፋሎቱ አፍንጫ እንደሚከፍት በራሴ አውቀዋለሁ። ይህስ ውሸት ነው?


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 12፡20

ጋሼ፣ ውሸት አይደለም። እንፋሎት ንፍጡን ያቀጥናል፣ ለአዋቂም ለጊዜው ደስ ይላል። ጉንፋኑን እንደሚያሳጥር ግን በጥናት ወጥ የሆነ ውጤት አልተገኘም። የባሕር ዛፍ ሽታና በቪክስ ውስጥ ያለው ሜንቶል የሚሠሩት ሌላ ነገር ነው፤ በአፍንጫ ውስጥ ቅዝቃዜን የሚለዩትን ነርቮች ይነካሉ፤ ያን ጊዜ አየር በብዛት የገባ ይመስለናል። መተላለፊያው ሲለካ ግን እንደ ነበረ ነው። የተጨነቀን ሰው ማረጋጋቱ ራሱ ጥቅም ስለሆነ አልከለክልም። ድስቱ ጠረጴዛ ላይ ጸንቶ ይቀመጥ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ትንሽ ይብረድ፣ ፊት ከላዩ አይደፋበት። ቪክስን ደግሞ አፍንጫ ቀዳዳ ውስጥ መቀባት ይቅር፤ ካምፎር ስላለበት ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደረት ላይም አይቀባም።


እናት ከባሕር ዳር | ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለባለጉዳይዋ ይቅርታ፣ ከተነሣ ልጠይቅ። የአራት ወር ልጄ አፍንጫው ታፍኖ ጡት መጥባት አቃተው። ሁለቴ ሳብ አድርጎ እያለቀሰ ይለቃል። አያቱ ለጋ ቅቤ በአፍንጫው ጠብ ላድርግለት ይላሉ። ለትልቁ ልጄ የተገዛ ጠብታም ቤት ውስጥ አለ። የትኛውን ላድርግ?


ነርስ ከደሴ | ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 3፡25

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ቅቤና ዘይት በአፍንጫ ሲገባ ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ሕመም ያመጣል፤ ለአያቱም በፍቅር ንገሪያቸው፣ ያሰቡት ለደግ ነው። የትልቁ ልጅሽ ጠብታ ዛይሎሜታዞሊን ወይም ኦክሲሜታዞሊን ከሆነ ለዚህ ሕፃን መርዝ ያህል ነው። ትንሽ ልጅ ጥቂት እንኳ ቢውጥ ድብን ብሎ ሊተኛ፣ የልቡ ምት ሊዘገይ፣ ትንፋሹ ሊደክም ይችላል። ጠርሙሱንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ቆልፊበት። የጉንፋን ሽሮፕም አይሰጠው።

የሚደረገው ይህ ነው፦ ከመድኃኒት ቤት የጨው ውሃ ጠብታ ግዢ፣ 0.9 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ በይ። ከማጥባትሽ በፊት በየአፍንጫው አንድ ሁለት ጠብታ አድርጊ፣ ጥቂት ጠብቂ፣ ከዚያ በጎማ መምጠጫ ቀስ ብለሽ ሳቢለት። ጎማውን መጀመሪያ ጨምቀሽ ነው የምታስገቢው፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ አይግባ። የዚህ ዕድሜ ሕፃን በአፉ መተንፈስ ገና በደንብ ስላልለመደ ነው አፍንጫው ሲዘጋ እንዲህ የሚጨነቀው። ጡቱን አጠር አጠር እያደረግሽ ደጋግመሽ ስጪው።

አሁን ትንፋሹን ቁጠሪ። ልብሱን ገልጠሽ፣ ሳያለቅስ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። በእሱ ዕድሜ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፣ ወይም ጨርሶ አልጠባም ካለ፣ መልስ አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን ቁጥሩ 60 ነው።


እናት ከባሕር ዳር | ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 5፡10

ቆጠርኩት፣ ከ50 በታች ነው፤ ደረቱም ደህና ነው። የጨው ጠብታውን አድርጌለት ጠባ። ዕድሜ ይጨምርልሽ።


የሜሪላንዱ | ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 4፡45

የጨው ውሃው ለአዋቂም ይሆናል አይደል? እኔ በማጠቢያ ጠርሙስ ነው የምጠቀመው። አገር ቤት ሰዎች በቤት ውስጥ ቢያዘጋጁት እንዴት ነው?


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 2፡00

እንኳን ጠየቁ፤ ከሁሉ ርካሹና ማንንም የማይከለክለው እሱ ነው። የግፊት ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ አጥቢ እናት፣ ሁሉም ይጠቀምበታል። ነፍሰ ጡሮች ያለ ጉንፋንም አፍንጫቸው ይታፈናል፤ ሱዶኤፌድሪንን፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ እንዳይነኩ ስለምነግራቸው የምመክራቸው ይህንን ነው።

በአንድ ብርጭቆ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከተገኘ አዮዲን የሌለበት ጨው ይሻላል፤ አዮዲኑ አንዳንዱን ይለበልበዋል። ቤኪንግ ሶዳ ቁንጥር ቢጨመርበት ያለሰልሰዋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን አይሆንም። ቁም ነገሩ ውሃው ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ በፍጹም ወደ አፍንጫ አይገባም። ኔግለሪያ ፋውለሪ የሚባል አሜባ አለ፤ ሲጠጣ ጉዳት የለውም፣ በአፍንጫ በኩል ሲገባ ግን ወደ አንጎል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን በቧንቧ ውሃ አጥበው በዚህ ሞተዋል።

እዚህ ላይ አገራችንን የሚመለከት ነገር አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውሃ ለ1 ደቂቃ ይፍላ ይላል፤ ከባሕር ወለል ከ1,980 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ግን 3 ደቂቃ። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደር ከዚያ በላይ ናቸው። ከፍታ ላይ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ስለዚህ ደጋ ያላችሁ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ቆጥራችሁ አውርዱ፣ ለብ ሲል ተጠቀሙ። ጠርሙሱም በየጊዜው ይታጠብ፣ ይድረቅ።


ከሪያድ | ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 9፡15

እኔ የምሠራበት ቤት ቀኑን ሙሉ የአየር ማቀዝቀዣና ዕጣን ነው። ጉንፋን የለብኝም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ተከታትዬ አስነጥሳለሁ፣ ዓይኔን ያሳክከኛል፣ ንፍጤ እንደ ውሃ ይወርዳል፣ ማታ ደግሞ ይደፈናል። ሴትሪዚን ወስጄ ማስነጠሱ ቀረ፣ መደፈኑ ግን አልተወኝም።


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 2፡40

እህቴ፣ የነገርሽኝ ሁሉ አለርጂን ያሳያል። ሴትሪዚንና ሎራታዲን ማስነጠሱን፣ ማሳከኩንና የሚፈሰውን ያቆማሉ፤ እብጠቱ ላይ ግን ደካሞች ናቸው። ለመደፈኑ ከላይ የጠቀስኩት የስቴሮይድ መርጫ በየቀኑ ቢነፋ ይሻልሻል። ዕጣኑ ከሚጨስበት ክፍል ለመራቅ የሚፈቅዱልሽ ከሆነ ጠይቂ፤ የማቀዝቀዣውም ማጣሪያ ይጽዳ። ከአገር መድኃኒት የሚልኩልሽ ከሆነ የምትኖሪበት አገር ያንን መድኃኒት መፍቀዱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሱዶኤፌድሪን በየአገሩ ሕጉ ይለያያል፤ ለምሳሌ ጃፓን ከ10 በመቶ በላይ ያለበትን ታግዳለች።


ሯጭ | ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 12፡30

በዚህ ወር ውድድር አለብኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል። አሠልጣኜ ምንም አትውሰድ ብሎኛል። ጠብታውም ይከለከላል?


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 7፡00

አሠልጣኝህ መጠንቀቁ ልክ ነው። በዓለም አቀፉ የስፖርት አበረታች መድኃኒቶች (ዶፒንግ) የክልከላ ዝርዝር መሠረት ሱዶኤፌድሪን በውድድር ጊዜ በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ150 ማይክሮግራም ካለፈ ያስቀጣል፤ ኤፌድሪን ደግሞ ከ10። ስለዚህ የሚዋጥ የጉንፋን እንክብል ተው። የጨው ውሃ፣ በአፍንጫ የሚገባ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን፣ የስቴሮይድ የአፍንጫ መርጫም አይከለከሉም፤ ጠብታው እንደ ማንኛውም ሰው ለ3 ቀን ብቻ። ጫት የሚቅም ጓደኛ ካለህ ይህን ንገረው፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን በዚሁ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ አለ፣ ገደቡም 5 ማይክሮግራም ነው። የምትወስደውን ሁሉ ለቡድን ሐኪምህ አሳይ።


የሰሚቷ | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 2፡30

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድን። አፍንጫው ውስጥ ፖሊፕ የሚባለው ሥጋ መሰል እብጠት የለም፣ መሃሉ አጥንት ትንሽ ተጣሟል፣ ለአሁኑ የሚያስቀድድ አይደለም ተባለ። ሞሜታሶን ታዘዘለት። ቀኝ አፍንጫውን ካስተወነው ቆየ፤ መጀመሪያ የነበሩት ሌሊቶች ከባድ ነበሩ፣ ሁለት ትራስ ደራርቤለት፣ ከመተኛቱ በፊት በጨው ውሃ እያጠበ አለፈ። አሁን ቀኙ ተከፍቷል። ግራውን ማስተው ትናንት ጀመርን። የመኪናውንና የኪሱን ጠብታ ራሱ ጣላቸው። እህቱ እንክብሉን እንዳትልክ ነግረናታል። ግፊቱም ወርዷል፤ ሐኪሙ ግን የአምሎዲፒኑን መጠን ገና አልነካውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። መርጫውን አፍንጫው ሲከፈት ማቆም ይችላል?


ፋርማሲስቷ ከሐዋሳ | ጥቅምት 24፣ ከምሽቱ 3፡15

በጣም ደስ ብሎኛል፤ ለባለቤትዎም በርቱ ይበሉልኝ። መርጫውን ሐኪሙ እስካዘዙበት ቀን ይቀጥሉ፣ ግራው እንደተከፈተ አያቁሙ። የአምሎዲፒኑንም መጠን በራሳቸው አይቀንሱ፤ ግፊቱን በየሳምንቱ እየለኩ ቁጥሩን ይጻፉና በቀጠሮ ቀን ይዘው ይሂዱ። አፍንጫቸው ቢደማ አነፋፉን መልሰው ይዩት። ከአንድ ወገን ብቻ ደም ወይም የሚሸት ንፍጥ ከመጣ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ተመልሰው ይታዩ።